ድንኳኑ እስኪነሳ

ባለፈው ሐምሌ ለለቅሶ ወደ አዳማ፣ ወደ ድሮ ሰፈሬ ሄጄ ነበር። ትንሿ ልጄ አብራኝ ነበረች። ከድንኳኑ ደጃፍ ስንደርስ የጋቢዬን ጫፍ ሳብ አድርጋ አፍንጫዋ ላይ ያዘችና፣ ምንድን ነው የሚሸተው አለችኝ። የረጠበ ሸራ ነበር። ዝናብ ጠጥቶ ሳይደርቅ የተጠቀለለ፣ ከዚያ ተቻኩሎ የተዘረጋ፣ እርጥብ አፈርና የብዙ ሰው ትንፋሽ የገባበት ሸራ። ዝም ብለሽ ተቀመጪ አልኳት። እኔ ግን አግዳሚው ላይ ለመቀመጥ ዘገየሁ። ለሌላው ሰው ያ ሽታ የለቅሶ ሽታ ነው። ለእኔ የሰባት ማባዣ ሽታ ነው።

ስለዚያ ክረምት ማውራት ስጀምር ልጆቼ እርስ በርስ ይተያያሉ። "አባባ ስብከቱን ከፈተው" ይባባላሉ። ይበሉ። ስብከት የምወድ ሰው መሆኔን አልክድም። ትምህርት ቤት ብዙ ያልገፋ፣ የቀረውን ብቻውን ከመጽሐፍ የለቀመ ሰው፣ ያወቃትን ትንሽ ነገር ደጋግሞ መናገር ይወዳል። ዛሬ የምጽፈው ግን እንዲያምር ብዬ ሳይሆን እንደሆነው ነው።

በዚያ ዓመት አምስተኛ ክፍል ነበርኩ፤ ሒሳብ ጣለኝ። በጳጉሜ የድጋሚ ፈተና ነበር። እሱን ያለፈ ልጅ ከጓደኞቹ ጋር ስድስተኛ ክፍል ይገባል፣ የወደቀ ክፍሉን ይደግማል። በእኛ ቤት ግን መድገም የሚባል ነገር አልነበረም። አባቴ ሞጆ ቆዳ ፋብሪካ ነበር የሚሠራው። ቅዳሜ ማታ ሲመጣ የጥሬ ቆዳና የኖራ ሽታ ቀድሞት ይገባል፤ እናቴ ልብሱን ደጅ ታሰቅለዋለች። የዚያን ቅዳሜ ውጤቴን ሲሰማ አልመታኝም። ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር። እግሩን እየታጠበ፣ ቀና ሳይል፣ "በጳጉሜ ካለፍክ ትማራለህ። ካላለፍክ አቦምሳ አጎትህ ለሱቁ ሰው ይፈልጋል" አለ። ሌላ አልጨመረም።

አቦምሳን ካደግኩ በኋላ አይቼዋለሁ፤ እህል የሞላበት፣ ሰው ደግ የሆነበት ከተማ ነው። ያኔ የማውቀው ግን አንድ ነገር ብቻ ነበር። የአክስቴ ልጅ ወደዚያ ሄዳ አልተመለሰችም፣ እናቴም ስሟ በተነሳ ቁጥር ዓይኗን ትጠርጋለች። ልጅቷ የቀረችው ባል አግብታ ነው፤ እናቴም የምታለቅሰው ሠርጉ ላይ ስላልተጠራች ነው። ይህን ለልጅ የሚያስረዳ ሰው አልነበረም። እኔ አቦምሳ የሄደ ሰው አይመለስም ብዬ ደመደምኩ፣ ክረምቱንም ይህንኑ በሆዴ ይዤ ዞርኩ።

ሌላ ጊዜ የክረምት ትምህርት የሚሰጠው እዚያው ትምህርት ቤታችን ነበር። አዳማ ግን ጎድጓዳ ቦታ ላይ ናት። ከዙሪያዋ ካሉት ኮረብቶች የሚወርደው ጎርፍ መሄጃ ሲያጣ ሰው ቤት ይገባል፤ የዚያን ዓመት ትምህርት ቤቱ ገባ። ዴስኮቹ እግራቸውን ሰቅለው ጭቃ ውስጥ ተኝተው አየናቸው። ርዕሰ መምህሩ ክረምቱን ትምህርት የለም አሉ። ፈተናው ግን አልቀረም።

ያዳነን የሰፈራችን እድር ነው። በትክክል ልናገርና፣ ያዳኑን የእድሩ ሴቶች ናቸው፤ ከሴቶቹም ዋናዋ እትዬ በለጡ። እትዬ በለጡ ከወፍጮ ቤቱ ጎን የሚኖሩ፣ ልጅ ያልወለዱ፣ ድምፃቸው ከቁመታቸው የሚበልጥ ሴት ነበሩ። የእድሩ ስብሰባ ላይ ተነሥተው፣ ድንኳኑን መጋዘን ውስጥ አይጥ ከሚበላው ልጆቹ ይቀመጡበት አሉ። ዳኛው ጋሽ ተሾመ፣ ይህ የለቅሶ ድንኳን እንጂ የመዝናኛ አይደለም ብለው ተከራከሩ። እትዬ በለጡ፣ እዚያ ቁጭ ብላችሁ ካርታ ስትጫወቱ ለቅሶ መሆኑን ማን ነገራችሁ አሏቸው ይባላል። ወንዶቹ ሳቁ፣ ነገሩም አለቀ።

ድንኳኑ ከወፍጮ ቤቱ ጓሮ፣ ጎርፍ ከማይደርስበት ከፍታ ላይ ተተከለ። አንድ የጣውላ ቁራጭ በአሮጌ ባትሪ ድንጋይ አጥቁረን ሰሌዳ አደረግነው። መምህር ቶላ ከአርሲ የመጡ ወጣት አስተማሪ ነበሩ፤ ክረምቱን አገራቸው ሊገቡ ሻንጣቸውን አስረው ነበር፣ ሴቶቹ አስፈቷቸው። ደመወዝ የሚከፍላቸው ስላልነበረ ቤተሰቦቻችን በተራ ያበሏቸው ነበር። አውቶቡስ ተራ እየዞሩ ላስቲክ የሚሸጡ ልጆችም ነበሩ። እነሱ ትምህርት ላይ ከዋሉ ቤታቸው አይበላም። እትዬ በለጡ ለነሱ ቤት የበቆሎ ዱቄት ከየቤቱ እየሰበሰቡ ወሰዱ። ጓደኛዬ ከድር በዚያ ዱቄት ነው የተማረው። አባቱ ሞቷል፤ እናቱ ልጇን ከገበያ አውጥታ ለክረምት ትምህርት የሰጠችው እትዬ በለጡ በሯ ላይ ቆመው አልሄድም ስላሏት ነው።

ሁሉም አልወደደውም። ልጄን የለቅሶ ድንኳን ውስጥ አላስቀምጥም፣ ሟርት ነው ያሉ ነበሩ። የኔም እናት መጀመሪያ ቀን አማትባ ነው የላከችኝ። ይባስ ብሎ እትዬ በለጡ ጠዋት ጠዋት ንፍሮ ቀቅለው ይዘውልን ይመጡ ጀመር። የለቅሶ ድንኳን፣ የለቅሶ አግዳሚ፣ የለቅሶ ንፍሮ፤ የቀረው ሬሳ ነው ብላ አንዷ ጎረቤት ስትስቅ ሰምቻለሁ። ሽቅብ ስመለከት ደግሞ ሸራው ላይ የደበዘዙ የላቲን ፊደሎች፣ ግማሾቹ ተገልብጠው፣ ይታዩኝ ነበር። በዚያ ድንኳን የተለቀሰላቸው ሰዎች ስም ነው ብዬ ለከድር ነገርኩት። ከድር ከዚያ በኋላ ከሰሌዳው በቀር ወደ ላይ አያይም ነበር።

ጋሽ ተሾመ ድንኳኑን ሲሰጡ አንድ ነገር በግልጽ ተናግረዋል። "ሰው ከሞተ ድንኳኑ ይነሳል። ቅሬታ አልሰማም።"

ይህ ምን ማለት እንደሆነ ወዲያው አየነው። ሐምሌ ላይ በሰፈሩ ማዶ አንድ ሰው ሞተ። ወንዶቹ መጡ፣ ካስማውን ነቀሉ፣ ሸራውን ከላያችን ላይ ገፈፉት። መምህር ቶላ ማካፈል ላይ ነበሩ፤ ጠመኔውን እንደያዙ ዝናብ ላይ ቀሩ። ከሠልስቱ በኋላም ሸራው ረጥቦ ስለነበር እስኪደርቅ ተጠበቀ። በዚያ መሃል ወፍጮ ቤቱ ጣራ ሥር ተጠጋግተን ሞከርን፤ ወፍጮው ሲጮህ መምህሩ አይሰሙም፣ ዝናቡ ያካፋል። ትንንሾቹ ቀሩ። አውቶቡስ ተራ የነበሩት ግማሾቹ ወደዚያው ተመለሱና ላስቲካቸውን ይዘው አየኋቸው። ድንኳኑ ተመልሶ ሲተከል አግዳሚዎቹ ሳሱ። ከፈተናው በፊት ሌላ ሰው ከሞተ ነገሩ እንዳበቃ ልጅም ይገባዋል። መምህር ቶላ ያስተማሩንን በቃላችን አልያዝንም ነበር። እኔ በተለይ የሰባትና የስምንት ማባዣ ላይ ምላሴ ይታሰር ነበር። ድንኳኑ ከተነሳ አቦምሳ ነኝ።

ስለዚህ ማን እንደሚሞት ማሰብ ጀመርን። ብዙም አላሰብንም። የእትዬ በለጡ ባል ጋሽ ክፍሌ ታመው ተኝተው ነበር።

ጋሽ ክፍሌ የባቡር ሠራተኛ የነበሩ፣ ጡረታ የወጡ፣ ፊታቸው የማይፈታ ሰው ናቸው። እግራቸው አብጦ፣ ከቤት አይወጡም። ቤታቸው ከድንኳኑ የሚለየው በቆርቆሮ አጥር ብቻ ነው። መኝታቸው ያለበት መስኮት ወደ እኛ ይመለከታል፤ ሳላቸው ይሰማናል። ጽጌ የምትባል፣ ከሁላችንም ጎበዝ የነበረች ልጅ፣ የሚያስላቸው የኛ ጩኸት ነው አለች። ማባዣ በጋራ የሚባለው በጩኸት ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ በሹክሹክታ ማባዛት ጀመርን። መምህር ቶላ ጮክ በሉ እንጂ ይላሉ፤ እኛ ድምፃችንን ዝቅ እናደርጋለን። የታመመ ሰው እያባዙ መግደል የምንፈልግ ልጆች አልነበርንም።

የፍልሰታ ጾም ገባ። ከጤና ጣቢያ የመጣችው ነርስ ጋሽ ክፍሌ ወተትና እንቁላል ካልበሉ አይድኑም ማለቷን ሰማን። ከድር በማግስቱ ከአያቱ ላም ወተት በጆግ ይዞ መጣ። ጋሽ ክፍሌ ጆጉን አዩና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። በፍልሰታ ወተት፣ ያውም በዚህ ዕድሜ፣ አልጠጣም አሉ። እትዬ በለጡ ለመኗቸው፣ ተቆጧቸው፣ ሙግት ገጠሟቸው፤ አልሆነም። ጆጉን ከድር ይዞት ወጣ፣ ድንኳኑ ውስጥ አግዳሚው ላይ አስቀመጠውና እሱ፣ ጽጌና እኔ ሦስታችንም ዙሪያውን ተቀመጥን።

መላውን ያመጣችው ጽጌ ናት። የነፍስ አባት ያላቸው ሰው ለነፍስ አባታቸው ይታዘዛሉ፤ እንሂድና ቄሱን እንለምን አለች።

ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ቅዳሴ እስኪያልቅ በዝናብ ቆምን። ከድር ከአጥሩ ውጭ፣ ጆጉን በላስቲክ ሸፍኖ ጠበቀን። ቄሱ ሲወጡ ሰው ሁሉ መስቀል ሊሳለም ከበባቸው፤ እኛ ተራችን ሲደርስ ተሳለምንና አልሄድ አልን።

"ምን ፈለጋችሁ?"

ጽጌ፣ ጋሽ ክፍሌ ወተት እንዲጠጡ ይዘዙልን አለች።

"ማን ላካችሁ?"

"ማንም።"

"ዘመዶቹ ናችሁ?"

"አይደለንም። እሳቸው ከሞቱ ድንኳኑ ይነሳብናል።"

ቄሱ የነጠላቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ አደረጉ። ይቆጣሉ ብዬ ወደ ኋላ ሸሸሁ። ዛሬ ሳስበው ሳቃቸውን ነው የሸፈኑት። ከአጥሩ ውጭ ያለው ልጅ ማነው አሉ። ጓደኛችን ነው፣ ወተቱ የእሱ ነው አልናቸው። ወደ ጆጉ አየት አድርገው፣ ሂዱ፣ ማታ እመጣለሁ አሉን።

መጡም። የታመመ ሰው እንዲጾም አልታዘዘም ብለው ነገሯቸው። ያላሰብነው ነገር ግን የመጣንበትንም ምክንያት ነገሯቸው።

በማግስቱ እትዬ በለጡ ንፍሮውን ሳያከፋፍሉ፣ ሦስታችሁ ኑ፣ ይጠራችኋል አሉ። ገባን። ክፍሉ የካምፎርና የአሮጌ ሱፍ ሽታ ነበረው፤ ግድግዳው ላይ የባቡር ኮታቸው ተሰቅሏል። ጋሽ ክፍሌ ትራስ ተደግፈው ተቀምጠዋል፣ ከዘራቸው አጠገባቸው ነው። ሦስታችንንም በተራ አዩን። ከዚያ እኔን በከዘራቸው ጫፍ አመለከቱ።

"አንተ። የምትጠብቁት ድንኳኑን ነው እኔን?"

ልዋሽ አልቻልኩም። ውሸት መርጬ ለመናገር የሚያስፈልገው ጊዜ አልነበረኝም።

"ድንኳኑን።"

እትዬ በለጡ በሩ ላይ "እሰይ" አሉ፣ ለማን እንዳሉት አላወቅኩም። ጋሽ ክፍሌ ፊታቸው አልተለወጠም። ድንኳኑን ማን እንደሰፋው ታውቃላችሁ ብለው ጠየቁን። አናውቅም። እኔ ነኝ አሉ። እድሩ ሲመሠረት፣ የተጣለ የባቡር ፉርጎ ሸራ ለምነው አምጥተው፣ እሳቸውና እትዬ በለጡ እዚሁ ቤት ወለል ላይ ዘርግተው በጆንያ መርፌ ሰፍተውታል። የኔ የሙታን ስም የፉርጎ ጽሑፍ ሆኖ ቀረ። ከድር በጎን አየኝ፤ ክረምቱን ሙሉ ይህን አልረሳልኝም።

"ወተቱን እጠጣለሁ" አሉ። "እናንተ ደግሞ እንደ ድሮው ጩኹ። ሰሞኑን ምን ሆናችሁ ነው ድምፃችሁ የጠፋው? እዚህ ተኝቼ ዝም ስትሉብኝ እኔው የሞትኩ እየመሰለኝ ነው።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጮኽን። ወፍጮ ቤቱን አሸነፍነው። ጋሽ ክፍሌም ከውስጥ ሆነው ያዳምጡናል፤ ስንሳሳት ቆርቆሮውን በከዘራቸው ይመቱታል። ዷ ሲል ሁላችንም ቀጥ እንላለን፣ መምህር ቶላ "እንደገና" ይላሉ፣ ከመጀመሪያው እንጀምራለን። ስናስተካክል መምህሩ "ቶሌ" ይላሉ፤ በኦሮምኛ መልካም ማለት ነው፣ ከመቶ በመቶ የበለጠ የምንወደው ቃል ሆነ። አንድ ቀን ሰባት ጊዜ ስምንት ሃምሳ ስድስት ስንል ቆርቆሮው ዷ አለ። ደነገጥን። መምህር ቶላ ሰሌዳውን አዩ፣ አጥሩን አዩ። ትክክል ነን፤ ታላቅ ሰው ደግሞ ተሳሳቱ ተብሎ በአጥር አይጮህባቸውም። ጽጌ ደገመችው፣ ጮክ አድርጋ፣ "ሃምሳ ስድስት"። ዷ። ከዚያ ከቤት ውስጥ የእትዬ በለጡ ድምፅ መጣ። "ቀጥሉ ልጆች፣ እሱ ነው የተሳሳተው።" ያን ቀን ሳቃችን እስከ አስፋልቱ ተሰምቷል።

እትዬ በለጡ በየጠዋቱ መምጣታቸውን አልተዉም። በዝናቡ፣ ድስቱን በጨርቅ ጠቅልለው፣ በጭቃው ላይ ቀስ እያሉ ይመጣሉ። ንፍሮውን ካደሉ በኋላ መጨረሻው አግዳሚ ላይ ይቀመጡ ነበር። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው፣ አፋቸውን ከፈት አድርገው፣ ሰሌዳውን ያያሉ። እኛ ትምህርቱ አምሯቸው መሰለን። ጽጌ፣ ምነው በልጅነታቸው አልተማሩም እንዴ አለችኝ። ደህና አድርገው እንዲያዩ መሃል መንገድ ላይ የምንቀመጠው ወደ ጎን እንል ነበር። ልጅ ያየውን ያያል፣ የሚያየው ነገር ምን እንደሆነ ግን የሚነግረው ሰው ያስፈልገዋል። እኛ ደግሞ ዓይናችን ያለው ሌላ ቦታ ነው። የጋሽ ክፍሌ መስኮት ላይ።

ጾሙ ተፈታ። ጋሽ ክፍሌ የእግራቸው እብጠት ጎደለ፣ በር ላይ ወጥተው ይቀመጡ ጀመር። አግዳሚዎቹ ሞሉ። የሰባትን ማባዣ ተኝቼም እላት ጀመር። ነሐሴ ሊያልቅ ሲል፣ ፈተናው በጣም ሲቀርብ፣ አንድ ቀን ገና ሳይነጋ የእድሩ ጥሩምባ ተነፋ።

የሰፈራችን ሰው ያን ድምፅ ሲሰማ መጀመሪያ የሚያደርገው ዝም ማለት ነው። እናቴ አልጋዋ ላይ ተቀመጠች። ስም እስኪጠራ አልጠበቅኩም። ሮጥኩ። ጎርፉ የቆፈረውን ጉድጓድ ዘልዬ፣ ወፍጮ ቤቱን ዞሬ ስደርስ ከድር ቀድሞኝ እዚያ ቆሟል። ጋሽ ክፍሌ በራቸው ላይ፣ የባቡር ኮታቸውን ለብሰው፣ ከዘራቸውን በጉልበታቸው መሃል ይዘው ተቀምጠዋል።

ደስታዬን ምን ልበለው።  "ደህና አደሩ፣ ጋሽ ክፍሌ" አልኳቸው። አልመለሱም። ከዚያ ከቤት ውስጥ የሴቶች ጩኸት ሰማሁ፤ ጥሩምባ ነፊውም በመንገዱ እየቀረበ፣ የአቶ ክፍሌ ባለቤት ወይዘሮ በለጡ ስላረፉ የእድሩ አባሎች ለቀብር እንድትወጡ ሲል ሰማሁት። ሰምቼም ቶሎ አልገባኝም። ልባቸው ነው አሉ ኋላ። ቆይቶባቸዋል አሉ።

ሲነጋ ወንዶቹ ለድንኳኑ መጡ። መምህር ቶላ ሰሌዳውን አንስተው ከወፍጮ ቤቱ ግድግዳ ጋር፣ ፊቱን አዙረው አስደገፉት። ጋሽ ተሾመ ራሳቸው አንዱን ካስማ ሲነቅሉ ጋሽ ክፍሌ በአጥሩ በር ብቅ አሉ። ያን ያህል ርቀት ሲራመዱ ያየናቸው በክረምቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። መምህር ቶላ ሮጠው ደገፏቸው።

"ተው፣ ተሾመ።"

ጋሽ ተሾመ ካስማውን እንደያዙ፣ እርስዎ ይግቡ፣ እኛ ደጃፍዎ ላይ እንተክለዋለን አሉ።

"ከዚህ አይነሳም።"

"ጋሽ ክፍሌ፣ ለቅሶ በሟች ደጅ ነው። ደንቡን እርስዎ ነዎት ያወጡት። ሰውስ ምን ይላል? የሚስቱን ለቅሶ ወፍጮ ቤት ጓሮ አደረገው ይላል።"

ጋሽ ክፍሌ ትንፋሻቸው እስኪመለስ ጠበቁ። "በለጡ ጠዋት ጠዋት ወዴት ነበር የምትሄደው?"

ጋሽ ተሾመ ወደ መጨረሻው አግዳሚ ዞረው አዩ።

"እዚያው ድረስ ለቀስተኛውም ይምጣ።"

ጋሽ ተሾመ ካስማውን መልሰው መሬት ውስጥ ሰኩት፣ በድንጋይ መቱት።

ከቀብር መልስ ሰው ሁሉ ወደ ወፍጮ ቤቱ ጓሮ መጣ። እኛ የተቀመጥንባቸው አግዳሚዎች ላይ ለቀስተኛ ተቀመጠ። የመጣው ንፍሮ ያው የእሳቸው ዓይነት ነበር፤ ከድር እፍኙን ይዞ ሳይበላ ቀረ። ድንኳኑ አልተነሳም፣ ትምህርቱ ግን ተነሳ ማለት ነው። በለቅሶ መሃል ሰሌዳ የሚያዞር ማን ነው? እኔ ለእትዬ በለጡ እያለቀስኩ፣ በዚያው እንባ መሃል ሰባት ጊዜ ስድስት ስንት ነበር እል ነበር። ሁለቱ ነገር በአንድ ልጅ ሆድ ውስጥ አብሮ ይገባል። አይገባም የሚል ሰው ልጅነቱን ረስቷል።

አባቴ ለለቅሶው ከሞጆ መጣ። በማግስቱ ጠዋት አጠገቡ ተቀምጬ ነበር። ከገጠር የመጡ የእትዬ በለጡ ዘመዶች ፊት ለፊት ተደርድረዋል። ዝናቡ ሸራውን ይደበድባል። ጋሽ ክፍሌ እስከዚያ ሰዓት እንባ አልወጣቸውም ነበር፤ ሰዎቹ ይህን እያዩ ይንሾካሾኩ ነበር። ድንገት ቀና አሉ።

"መምህር፣ ፈተናው መቼ ነው?"

መምህር ቶላ ከጥጉ ተነሡ። "ከነገ ወዲያ ነው፣ ጋሽ ክፍሌ።"

"ታዲያ ምን ትጠብቃላችሁ?" ከዘራቸውን መሬቱ ላይ አንድ ጊዜ መቱ። "የሰባት።"

 ከዘመዶቹ አንዷ አሮጊት "ኧረ ጉድ ነው" ሲሉ ሰማሁ። አባቴ አየኝ።  ከኋላ ጽጌ፣ በጣም በቀጭን ድምፅ፣ ሰባት ጊዜ አንድ ሰባት አለች። ከድር ተከተለ። ከዚያ ከየአግዳሚው ጫፍ፣ ከየእናቱ ጉያ፣ ልጁ ሁሉ። እኔም አፌን ከፈትኩ። መጀመሪያ እንደ ጸሎት ዝቅ ያለ ነበር፤ ከዚያ ዝናቡ ስለበለጠን ድምፃችንን ከፍ አደረግን። ሰባት ጊዜ ሰባት ላይ ስንደርስ እንደ ድሮው እንጮህ ነበር። ሰባት ጊዜ ስምንት ብለን ሁላችንም አንድ ላይ ቆምን። ማንም ቁሙ አላለንም። ሁላችንም ወደ ጋሽ ክፍሌ አየን።

እሳቸው መሬት መሬት እያዩ ነበር።

"ሃምሳ ስድስት" አሉ። "እኔ ነበርኩ የተሳሳትኩት።"

ያን ጊዜ ነው ያለቀሱት። ወንዶቹ ተነሥተው ያዟቸው፣ ሴቶቹ ድምፃቸውን ለቀቁት። ጉድ ነው ያሉት አሮጊት ምን እንደሆነ ሳይገባቸው ከሁሉ በላይ አለቀሱ። ጋሽ ክፍሌ ግን እንባቸውን እየጠረጉ ከዘራቸውን አነሱ። የስምንት አሉ። መምህር ቶላ ሄደው ሰሌዳውን አዞሩት።

በቀሩት የለቅሶ ቀኖች ጠዋት ጠዋት ተማርን። ለቀስተኛ እየገባ፣ እግዜር ያጽናችሁ እያለ፣ እኛ መሃል እየተቀመጠ ነበር። የእድሩ ሰዎች ካርታቸውን አላወጡም። አንዳንዱ ማካፈሉን አብሮን ይሠራ ነበር፤ ጋሽ ተሾመ ሲሳሳቱ አይቻለሁ፣ አልተናገርኩም። አባቴ ወደ ሞጆ መመለሱን አዘገየ። ምክንያቱን አልነገረኝም። የፈተናው ዕለት እሱ ራሱ ወሰደኝ፤ ስወጣ ትምህርት ቤቱ በር ላይ፣ ከዛፉ ሥር፣ ኮቱን ራሱ ላይ አድርጎ ዝናብ ውስጥ ቆሞ አገኘሁት። ከሥራ ቀርቶ ልጅ መጠበቅ በኛ ቤት የሚታወቅ ነገር አልነበረም። ውጤቱ ሲወጣ፣ "አጎትህ ሌላ ሰው ይፈልግ" አለኝ። እንዳለፍኩ የነገረኝ በዚህ ነው።

ልጆቼ እዚህ ላይ ትምህርቱ ምንድን ነው ብለው ይጠብቁኛል። እኔም ብዙ ጊዜ፣ አንድ ልጅ ክፍል የሚሻገረው ብቻውን አይደለም፣ ሰፈር ተሸክሞ ነው የሚያሻግረው እላቸዋለሁ። እውነት ነው። ግን ያ ክረምት ለእኔ ያለቀው እዚያ ላይ አይደለም።

ውጤቱ በወጣ ማግስት ድንኳኑ ተነሳ። ወንዶቹ አጥበው ወፍጮ ቤቱ ሜዳ ላይ ዘረጉት፤ ፀሐይ ወጥታ ነበር፣ ቶሎ ደረቀ፣ ጠቅልለው መጋዘን አስገቡት። ጓሮው ባዶ ሆነ። የአግዳሚ እግር የወጋቸው ጉድጓዶች ብቻ ቀሩ። እኔ በአጥሩ በር ገባሁ።

ጋሽ ክፍሌ ብቻቸውን ነበሩ። ዘመዶቹ ሄደዋል። ምድጃው ቀዝቅዟል፣ ከድር ጠዋት ያመጣው ወተት ከነጆጉ መደርደሪያው ላይ እንዳለ ነው።

"አለፍክ?"

"አለፍኩ።"

"ድንኳኑስ?"

"ተነሳ። መጋዘን ገባ።"

በከዘራቸው መሬቱን ነካ ነካ አደረጉ።

"ታዲያ አሁን ምን ልትጠብቅ መጣህ?"

  ከደጅ ጭራሮ ለቅሜ ገባሁ፣ ምድጃው ሥር ተንበርክኬ እሳቱን አያያዝኩ፣ ወተቱን በትንሿ ድስት ገለበጥኩና ጣድኩት። እትዬ በለጡ የሚያደርጉትን በመስኮት አይቼ ነበር። ጋሽ ክፍሌ ከኋላዬ ከዘራቸውን ግድግዳው ላይ ሲያስደግፉ ሰማሁ።

"ዓይንህን እንዳታነሳ፣ ይገነፍላል" አሉ።

አላነሳሁም። እስኪፈላ እዚያው ቆምኩ።